ጉቦና ሙስና በወንጀል ሕግ ፊት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ጉቦ የማያወራ ሰው የለም፤ ሕጉ ስለ ጉቦ የሚለውን ግን ብዙዎች የሚሰሙት ከተከሰሱ ወይም ከተበደሉ በኋላ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የሚያተኩሩት የአብዛኞቹ አገሮች የወንጀል ሕግ በሚጋራው መሠረት ላይ ነው። የቅጣት መጠኑና የይርጋ ዘመኑ (ክስ ሊቀርብ የሚችልበት የጊዜ ገደብ) ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ ክስ ወይም ምርመራ የገጠመው ሰው የአገሩን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ማማከር አለበት። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሕጉ ጉቦ የሚለው ምኑን ነው?

ዛሬ የብዙ አገሮች ሕግ የሚከተለው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነት ያስቀመጠውን ቅርጽ ነው። ስምምነቱ በ2003 ጸደቀ፤ በ2005 ሥራ ላይ ዋለ፤ እስካሁንም ከ180 በላይ አገሮች ተቀብለውታል። አንቀጽ 15 ሁለቱን ወገኖች ለየብቻ ይይዛቸዋል። አንዱ ወገን ለመንግሥት ሠራተኛ የማይገባ ጥቅም ለመስጠት ቃል የገባ፣ ያቀረበ ወይም የሰጠ ሰው ነው። ሌላው ወገን ያንን ጥቅም የጠየቀ ወይም የተቀበለ ሠራተኛ ነው። ጥቅሙ ለራሱ ለሠራተኛው ይሁን ለሚስቱ፣ ለወንድሙ፣ ለድርጅቱ ወይም ለፓርቲው፣ በቀጥታ ይድረሰው ወይም በሌላ ሰው እጅ ይለፍ፣ ለውጥ የለውም። የሚታየው ጥቅሙ ከሥራው ጋር መያያዙ ነው፤ ማለትም ሠራተኛው በሥራ ድርሻው አንድ ነገር እንዲያደርግ ወይም ማድረግ የሚገባውን እንዲተው መታሰቡ።

“እንዲተው” የምትለዋ ቃል ብዙ ጊዜ ትዘነጋለች፤ እኔ ግን ትልቁ ጉዳት ያለው እሷ ዘንድ ይመስለኛል። የሕንፃውን ስንጥቅ አይቶ ያልመዘገበ ተቆጣጣሪ፣ መድኃኒቱን ሳይመረምር ያሳለፈ ባለሙያ፣ ፋይሉን መሳቢያ ውስጥ ያስቀረ መርማሪ፣ ጥቅም ተቀብለው ዝም ካሉ ጉቦ ተቀባይ ናቸው። “ምንም አላደረግሁም” ማለት አያድናቸውም፤ የተከፈላቸው ምንም እንዳያደርጉ ነውና።

ገንዘቡ ሳይሰጥ ከቀረ ወይም ጉዳዩ ሳይፈጸም ከቀረ ወንጀል አለ?

አዎ፣ አለ። ወንጀሉ የሚሞላው ሥልጣን ለሽያጭ ሲቀርብ ወይም ሊገዛ ሲጠየቅ ነው። ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ መሻገሩ ግዴታ አይደለም። ሠራተኛው “ይህን ያህል አምጣ” ካለ፣ የተጠየቀው ሰው እምቢ ብሎ ቢሄድም፣ ጠያቂው ወንጀሉን ፈጽሟል። ባለጉዳዩ ፖስታ ዘርግቶ ሠራተኛው ቢመልስበትም፣ ያቀረበው ሰው ይጠየቃል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የቀድሞው የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኒኮላ ሳርኮዚ ጉዳይ ነው። ሥልጣን ከለቀቁ በኋላ፣ በአገሪቱ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት ከሚሠሩ አንድ ከፍተኛ የሕግ ሰው ምስጢራዊ መረጃ ለማግኘት ሲሉ፣ ግለሰቡ ሞናኮ ውስጥ የሚፈልጉትን ሹመት እንዲያገኙ ሊረዷቸው ቃል ገብተዋል ተብለው ተከሰሱ። ግለሰቡ ሹመቱን ጨርሶ አላገኙም። ፍርድ ቤቱ ግን በ2021 ጥፋተኛ አላቸው፤ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤቱም በ2024 መጨረሻ ፍርዱን አጸናው። ሹመቱ መቅረቱ ቃሉን አልሰረዘውም።

“ተቀብያለሁ፤ ነገር ግን ውሳኔዬን አላዛባሁም” ማለት መከላከያ ይሆናል?

ይህ ክርክር ቢያንስ 400 ዓመት ዕድሜ አለው። ፈላስፋው ፍራንሲስ ቤከን የእንግሊዝ ከፍተኛ የፍትሕ ሹም ሳለ፣ በ1621 ችሎቱ ፊት ጉዳይ ካላቸው ሰዎች ስጦታ ተቀብሏል ተብሎ በፓርላማ ተከሰሰ። መቀበሉን አመነ። ስጦታው ግን ፍርዱን እንዳላጣመመው ተናገረ፤ እንዲያውም ከሰጡት ሰዎች መካከል የተፈረደባቸው ነበሩ። 40 ሺህ ፓውንድ ተቀጣ፤ ከሹመቱም ተሻረ።

ዛሬም መልሱ ያው ነው። ሕጉ የሚጠብቀው የአንድን ውሳኔ ትክክለኛነት ብቻ ሳይሆን፣ ውሳኔው በገንዘብ የማይነካ መሆኑን ሰው ሁሉ የሚያምንበትን ሁኔታም ጭምር ነው። ከባለጉዳዩ የተቀበለ ዳኛ ትክክለኛ ፍርድ ቢሰጥም፣ የተፈረደበት ወገን ያንን ፍርድ እንዴት ይመነው? ስለዚህ በብዙ አገሮች ውሳኔው የተዛባ መሆኑ ቅጣቱን ያከብዳል እንጂ፣ አለመዛባቱ ከወንጀሉ ነጻ አያወጣም።

የሚገባኝን አገልግሎት ለማግኘት የከፈልኩትስ? የሰውን መብት አልወሰድሁም።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ ጥያቄው የሚመጣው መብቱን ለማግኘት ሌላ በር ከተዘጋበት ሰው ነውና።

በመርህ ደረጃ ተቀባዩ ያለ ጥርጥር ወንጀለኛ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ለዚያው ሥራ ነው፤ ሥራውን ደግሞ እንደገና ሸጦታል። ስለ ሰጪው ግን ሕጎች ይለያያሉ። የአሜሪካ የ1977 የውጭ ሙስና ሕግ፣ የዘወትር ሥራን ለማፋጠን ለውጭ አገር ሠራተኛ የሚሰጥን ጥቃቅን ክፍያ ከክልከላው ያስወጣል። የእንግሊዝ የ2010 የጉቦ ሕግ ግን እንዲህ ዓይነት በር የለውም፤ ትንሹም ትልቁም ክፍያ ጉቦ ነው። እኔ ሁለተኛውን እደግፋለሁ። የማፋጠኛ ክፍያ በተፈቀደበት መሥሪያ ቤት፣ መጓተት ራሱ የገቢ ምንጭ ይሆናል፤ ሠራተኛው ወረፋውን የሚያረዝመው ለማሳጠር እንዲከፈለው ነው። መክፈል የማይችለው ሰው ደግሞ ከመጨረሻው ረድፍ አይነቃነቅም።

ይህን ስል ግን ተገዶ የሰጠውንና ጥቅም ለመግዛት የሰጠውን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ተገቢ ነው ማለቴ አይደለም። በጥሩ ምሳሌነት የምትጠቀሰው ሕንድ ናት። በ2018 የፀረ ሙስና ሕጓን ስታሻሽል ጉቦ መስጠትን ራሱን የቻለ ወንጀል አደረገች፤ ነገር ግን ተገድዶ የሰጠ ሰው በሰባት ቀን ውስጥ ለፖሊስ ወይም ለመርማሪው አካል ካመለከተ አይቀጣም። ይህ አሠራር ሁለት ነገር ያስገኛል። የተገደደውን ሰው ከተባባሪነት ያወጣዋል፤ ተቀባዩም የሰጠው ሰው ነገ እንደማይናገር እርግጠኛ እንዳይሆን ያደርገዋል። ሰጪና ተቀባይ እኩል የሚቀጡበት ሕግ፣ ሳያስበው ሁለቱን በአንድ ምስጢር ያስራቸዋል። ሰጪው “ብናገር እኔም እታሰራለሁ” ብሎ ዝም ይላል፤ ያለ እሱ ቃል ደግሞ ተቀባዩን ማስፈረድ ብዙ ጊዜ አይቻልም።

ሕይወቱ ወይም አካሉ አደጋ ላይ ሆኖ የከፈለ ሰው ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። በኬላ ላይ መሣሪያ የተደቀነበት፣ ወይም በጠና የታመመ ልጁን ታቅፎ ሐኪም ቤት በር ላይ የቆመ ሰው፣ በብዙ አገሮች ሕግ የመገደድን ወይም የአስፈላጊነትን መከላከያ ሊያነሳ ይችላል።

ስጦታ መቼ ነው ጉቦ የሚሆነው?

ስጦታ ሁሉ ጉቦ አይደለም፤ “ስጦታ” የሚል ስም የተለጠፈበት ሁሉም ስጦታ አይደለም። ፍርድ ቤቶች የሚያዩት የሰጪውንና የተቀባዩን ግንኙነት፣ ስጦታው የተሰጠበትን ጊዜ፣ ግልጽነቱን፣ ዋጋውን፣ ከሁሉም በላይ ሰጪው በተቀባዩ እጅ ጉዳይ ያለው መሆኑን ነው። የሚከተሉት ሦስት ጉዳዮች ሕጎች ምን ያህል እንደሚራራቁ ያሳያሉ።

ኤስ. ኢስዋራን የሲንጋፖር የትራንስፖርት ሚኒስትር ነበሩ። ከመንግሥት ሥራቸው ጋር ግንኙነት ካላቸው ነጋዴዎች የስፖርት ውድድርና የቲያትር ትኬት፣ የአውሮፕላን ጉዞና ሌላም ውድ ነገር ተቀብለዋል ተባሉ። ዐቃቤ ሕግ በመጨረሻ የተጠቀመበት ድንጋጌ የመንግሥት ሠራተኛ ከሥራው ጋር ከሚገናኝ ሰው ዋጋ ያለው ነገር በነጻ እንዳይቀበል የሚከለክለውን ነው። በዚህ ድንጋጌ “በምላሹ ምን አደረገ?” የሚለውን ማስረዳት አያስፈልግም። በ2024 ጥፋታቸውን አምነው 12 ወር እስራት ተፈረደባቸው።

በአሜሪካ ነገሩ ሌላ ነው። በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቀድሞውን የቨርጂኒያ ገዥ ሮበርት ማክዶኔልን የጥፋተኝነት ፍርድ በሙሉ ድምፅ ሻረ። ገዥውና ባለቤታቸው ከአንድ ነጋዴ ከ175 ሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣ ስጦታና ብድር ተቀብለው ነበር፤ የሮሌክስ ሰዓት ሳይቀር። ፍርድ ቤቱ ግን ስብሰባ ማመቻቸትና ሰው ማስተዋወቅ ብቻውን ሕጉ የሚለው “የመንግሥት ተግባር” አይደለም አለ። በ2024 ደግሞ ጄምስ ስናይደር የተባሉ የቀድሞ ከንቲባ ጉዳይ ቀረበ። ከተማቸው ከአንድ ድርጅት የቆሻሻ መኪና ከገዛች በኋላ 13 ሺህ ዶላር ተቀብለዋል፤ እሳቸው የምክር አገልግሎት ክፍያ ነው ብለዋል። ፍርድ ቤቱ ክሱ የቀረበበት የፌዴራል ድንጋጌ አስቀድሞ የተስማሙበትን ጉቦ እንጂ፣ ከሥራው በኋላ የተሰጠን የምስጋና ክፍያ አይከለክልም ሲል በ6 ለ3 ድምፅ ወሰነ።

የሲንጋፖሩ መንገድ ለሕዝብ ይበጃል ብዬ አምናለሁ። ከሥራ በኋላ የሚመጣ ምስጋና ለቀጣዩ ሥራ ቅድሚያ ክፍያ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ አስቀድሞ በቃል መስማማታቸውን ማረጋገጥ ደግሞ ለዐቃቤ ሕግ እጅግ ከባድ ነው። በዚህ መንገድ የሚደነግጉ አገሮችም ቢሆኑ ለሠራተኛው ግልጽ መውጫ ሊሰጡት ይገባል፦ ያልተመለሰ ስጦታ ለመሥሪያ ቤቱ ይመዝገብ፣ ከተወሰነ ዋጋ በላይ የሆነው ይመለስ ወይም ለመንግሥት ገቢ ይሁን። ያስመዘገበ ሠራተኛ ራሱን ጠብቋል።

ገንዘብ ያልሆነ ጥቅምስ?

“የማይገባ ጥቅም” ሲባል ገንዘብ ብቻ አይደለም። ለልጅ የተሰጠ ሥራ፣ የትምህርት ዕድል፣ የተሰረዘ ዕዳ፣ በርካሽ የተሸጠ ቦታ፣ ሕክምና፣ ድግስ፣ ሁሉም ይገባበታል። የአሜሪካው ባንክ ጄፒ ሞርጋን በ2016 ወደ 264 ሚሊዮን ዶላር የከፈለው፣ በእስያ ከባለሥልጣናት ሥራ ለማግኘት ሲል ልጆቻቸውንና ዘመዶቻቸውን በመቅጠሩ ምክንያት ነው።

በዚህ ክፍል አጥብቄ የማነሳው የወሲብ ጥያቄን ነው። ውጤት ለማስተካከል፣ ቅጥር ለመፍቀድ ወይም ፈቃድ ለመፈረም ሴትን አካሏን የሚጠይቅ ባለሥልጣን፣ ገንዘብ ከሚጠይቀው የከፋ በደል ይፈጽማል። ሆኖም በብዙ አገሮች ሕጉ በስም ስለማይጠቅሰው መርማሪዎች በሙስና ዓይን አያዩትም፤ ታንዛኒያ ግን በ2007 በወጣው የፀረ ሙስና ሕጓ ውስጥ በግልጽ አስገብታዋለች። አደጋው ሕጉ በጅምላ ሲነበብ ነው። ሴቲቱ “የሰጠች” ተብላ እንደ ጉቦ ሰጪ እንድትታይ ሊያደርጋት ይችላል፤ ይህ ፍርሃት ብቻ አቤቱታዋን ያስቀራል። ሕግ አውጪዎች በዚህ ላይ ዝም ማለት የለባቸውም። እንዲህ ያለ ጥያቄ የቀረበላት ሴት ተበዳይ መሆኗን ሕጉ በጥቁርና ነጭ መጻፍ አለበት።

ገንዘቡ የተሰጠው በደላላ ወይም በጉዳይ አስፈጻሚ በኩል ከሆነ ማን ይጠየቃል?

ሦስቱም ሊጠየቁ ይችላሉ፤ ሰጪው፣ አቀባዩ፣ ተቀባዩ። “እኔ ለአማካሪዬ የአገልግሎቱን ከፈልሁ፤ እሱ ለማን እንደሰጠ አላውቅም” የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ ይቀርባል፤ የሌሶቶ ፍርድ ቤቶች ግን አልተቀበሉትም።

ሌሶቶ ውኃዋን ለደቡብ አፍሪካ የምታቀርብበትን ግዙፍ የግድብ ፕሮጀክት የሚመራው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ዋና ሥራ አስፈጻሚ ማሱፋ ሶሌ ነበር። በስዊዘርላንድ ባንኮች የነበረው ሒሳብ ሲገለጥ፣ የውጭ ኩባንያዎች “ወኪል” ብለው ከቀጠሯቸው ሰዎች ወደ እሱ ሲፈስ የቆየ ገንዘብ ታየ። በ2002 ጥፋተኛ ተብሎ 18 ዓመት ተፈረደበት፤ በይግባኝ ወደ 15 ዝቅ አለ። በዚያው ዓመት የካናዳው አማካሪ መሐንዲስ ኩባንያ ኤከርስ ተፈረደበት፤ የጀርመኑ ላሕማየርም በቀጣዩ ዓመት። ኤከርስ የከፈልሁት ለሕጋዊ ወኪል ነው ብሎ ተከራክሮ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ወኪሉ ለተከፈለው ገንዘብ የሚመጥን ምን ሥራ ሠራ? ገንዘቡስ ለምን ወደ ስዊዘርላንድ ሄደ? ከወኪሉ ወደ ሶሌ የተላለፈበት ጊዜስ ለምን ከኩባንያው ክፍያ ጋር ተከታትሎ ይመጣል? እያለ መረመረ። ከእነዚህ ሁኔታዎች በመነሳትም የወኪልነት ውሉ ሽፋን ነው ወደሚል መደምደሚያ ደረሰ። የዓለም ባንክ በ2004 ኤከርስን ለሦስት ዓመት ከሥራዎቹ አገደ።

ይህ ጉዳይ ከሚያስተምረው አንዱ የማስረጃው ዓይነት ነው። ጉቦ ደረሰኝ የለውም፤ ስለዚህ የወንጀሉን የሐሳብ ክፍል፣ ማለትም ሰውየው አውቆና አስቦ ማድረጉን፣ ከተጨባጭ ሁኔታዎች መረዳት እንደሚቻል የተባበሩት መንግሥታት ስምምነትም በአንቀጽ 28 ይፈቅዳል። ሌላው የሚያስተምረው ደግሞ፣ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ፣ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ድሃ አገር ታላላቅ የውጭ ኩባንያዎችን በራሷ ፍርድ ቤት አቁማ ማስቀጣቷ ነው።

ሙስና ማለት ጉቦ ብቻ ነው?

አይደለም። በአደራ የተሰጠን የሕዝብ ንብረት መውሰድ ወይም ለግል ማዋል፣ በሥልጣን አላግባብ መገልገል፣ በተሰሚነት መነገድ፣ ከወንጀል የተገኘን ገንዘብ ሕጋዊ ማስመሰል፣ ሁሉም በዚህ ሥር ይመደባሉ። በተሰሚነት መነገድ ማለት ውሳኔ ሰጪ ያልሆነ ሰው “ሚኒስትሩን አውቀዋለሁ፤ ጉዳይህን አስጨርስልሃለሁ” ብሎ ጥቅም ሲቀበል ነው።

በሥልጣን አላግባብ መገልገልን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተሳሳተ ውሳኔ ሁሉ ወንጀል አይደለም። ሠራተኛው ሕግን መጣሱን እያወቀ፣ ለራሱ ወይም ለሌላ ጥቅም ለማስገኘት ማድረጉ መረጋገጥ አለበት። ይህ ድንበር ሲጠፋ ሐቀኛው ሠራተኛ መወሰን ይፈራል፤ ፊርማውን ያቆያል፤ ሥራ ይቆማል። ሥልጣን የተለወጠ ዕለት የቀድሞውን ባለሥልጣን ለማጥቃትም አመቺ መሣሪያ ይሆናል።

የመንግሥት ሠራተኛ የሚባለው ማን ነው?

የተሾመ፣ የተመረጠ፣ የተቀጠረ፤ ቋሚ፣ ጊዜያዊ፤ ደመወዝተኛ፣ በነጻ የሚያገለግል፤ ከሚኒስትር እስከ ተላላኪ። የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ሁሉ በትርጓሜው ይገባል። አንዳንድ ሕጎች ከዚህም አልፈው ይሄዳሉ። የኢትዮጵያ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 (ቁጥሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ከሕዝብ ወይም ከአባላት የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድሩ የግሉን ዘርፍ ድርጅቶች “ሕዝባዊ ድርጅት” ብሎ ያካትታል፤ የሃይማኖት ድርጅትንና የፖለቲካ ፓርቲን ግን ያስወጣል።

አንድ ባለሥልጣን ከደመወዙ ጋር የማይመጣጠን ሀብት ካለው፣ ያ ብቻ ያስቀጣዋል?

በአንዳንድ አገሮች አዎ፤ በሌሎች አይ። ልዩነቱ የመጣው ከባድ ከሆነ የመርህ ግጭት ነው።

የሆንግ ኮንግ ታሪክ ሁለቱንም ጎን ያሳያል። የፖሊስ ከፍተኛ መኮንን የነበረው ፒተር ጎድበር ከ4 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ ሀብት ተገኝቶበት ምርመራ እየተካሄደበት ሳለ በ1973 ወደ እንግሊዝ አመለጠ። በሆንግ ኮንግ ምንጩ ያልታወቀ ሀብት መያዝ ወንጀል ነበር፤ በእንግሊዝ ግን አልነበረም፤ ስለዚህ በዚያ ክስ አሳልፎ መስጠት አልተቻለም። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ በ1974 ነጻ የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ። ጎድበር በ1975 ተመልሶ አራት ዓመት የተፈረደበት በጉቦ ወንጀል ነው፤ ሰጥቻለሁ ብሎ የሚመሰክር ሰው በመገኘቱ።

የዚህ ድንጋጌ ደጋፊዎች ሐሳብ ግልጽ ነው። ጉቦ በጓዳ ይሰጣል፤ ሀብቱ ግን ይታያል፤ ምንጩን ከማንም በላይ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ ያስረዳ። የተቃዋሚዎችም ሐሳብ ቀላል አይደለም። ማንም ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ነው፤ የማስረዳት ሸክሙም የከሳሽ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ስምምነትም በአንቀጽ 20 ይህን ወንጀል ለማድረግ እንዲያስቡበት አገሮችን ይጋብዛል እንጂ አያስገድድም። ለእኔ ሚዛኑ የሚጠበቀው ዐቃቤ ሕግ አስቀድሞ የባለሥልጣኑን ሕጋዊ ገቢና በእጁ ያለውን ሀብት በማስረጃ ሲያሳይ፣ ክፍተቱም ግዙፍ ሲሆን ነው። ከዚያ በኋላ ማብራሪያ መጠየቅ ፍትሐዊ ነው። የሀብት ምዝገባ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፤ ሠራተኛው ወደ ሥራ ሲገባ የነበረው ካልተመዘገበ የጨመረውን ማወቅ አይቻልም።

ኩባንያ በወንጀል ይከሰሳል? በውጭ አገር ለተሰጠ ጉቦስ?

ሁለቱም ይቻላል፤ ግን ዓለም እዚህ የደረሰው ቆይቶ ነው። አሜሪካ በ1977 ለውጭ ባለሥልጣን ጉቦ መስጠትን በሕግ የከለከለችው፣ ከ400 በላይ ኩባንያዎቿ አጠያያቂ ክፍያ መፈጸማቸውን ካመኑ በኋላ ነበር። ከእነዚህ አንዱ የሎክሂድ አውሮፕላን ኩባንያ ነው፤ በዚሁ ቅሌት የቀድሞው የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ታናካ ካኩዌ ተከስሰው በ1983 ተፈርዶባቸዋል። ሌሎቹ ሀብታም አገሮች በ1997 ተመሳሳይ ስምምነት እስኪፈርሙ ድረስ ሃያ ዓመት አለፈ። በጀርመን እስከ 1999 ድረስ ለውጭ ባለሥልጣን የተሰጠ ጉቦ እንደ ንግድ ወጪ ከግብር ይቀነስ ነበር። የጀርመኑ ሲመንስ በ2008 ለአሜሪካና ለጀርመን በድምሩ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የከፈለው የዚያ ዘመን ልማድ ባስከተለው መዘዝ ነው።

የእንግሊዝ ሕግ አንድ ጠንካራ ነገር ጨምሯል። የኩባንያው ሰው ለኩባንያው ጥቅም ጉቦ ከሰጠ፣ አለቆቹ ባያውቁም ኩባንያው “ባለመከላከሉ” ይጠየቃል፤ ማምለጥ የሚችለው በቂ የመከላከያ ሥርዓት እንደነበረው ካስረዳ ብቻ ነው። ለረጅም ጊዜ የጎደለው ደግሞ በተቀባዩ በኩል ነበር። አሜሪካ ጉቦ የሚጠይቀውን የውጭ ባለሥልጣን ራሱን የሚከስስ ሕግ ያወጣችው በ2023 መጨረሻ ነው።

ያለመከሰስ መብት ያለው ባለሥልጣን ምን ይደረጋል?

መብቱ የተሰጠው ለሥራው ነጻነት ነው፤ በብዙ አገሮች ፓርላማው ሊያነሳው ይችላል፤ ሥልጣኑ ሲያበቃም አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ያበቃል። በውጭ አገር ደግሞ ጥበቃው ጠባብ ነው። የኢኳቶሪያል ጊኒ ምክትል ፕሬዚዳንትና የፕሬዚዳንቱ ልጅ ቴዎዶሪን ኦቢያንግ፣ በፓሪስ ባካበተው ንብረት የተነሳ በፈረንሳይ ፍርድ ቤት ተፈርዶበታል፤ ፍርዱም በ2021 የመጨረሻ ሆኗል።

ፖሊስ ራሱ ጉቦ አቅርቦ ቢይዝስ?

ምልክት የተደረገበት ገንዘብ አስጨብጦ መያዝ በብዙ አገሮች የተፈቀደ ዘዴ ነው። ድንበሩ ያለው ወንጀል እየፈጸመ ያለን ሰው በመያዝና ወንጀል ያላሰበን ሰው ገፋፍቶ በማስገባት መካከል ነው። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2008 በራማናውስካስ ጉዳይ ሊቱዌኒያን ጥፋተኛ አድርጓል። አመልካቹ ዐቃቤ ሕግ ነበር፤ የፀረ ሙስና ፖሊስ ሰው ደጋግሞ እየወተወተ ጉቦ እንዲቀበል አድርጎታል፤ አስቀድሞ እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ግን አልቀረበም። ፍርድ ቤቱ ሰውየው ፍትሐዊ ዳኝነት አላገኘም አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ጥያቄውን ያነሳው ማን እንደሆነ የሚያሳይ ቅጂ ወይም ምስክር ወሳኝ ነው።

የተዘረፈው ገንዘብ ይመለሳል?

ይመለሳል፤ ግን በዝግታ። የናይጄሪያው ወታደራዊ መሪ ሳኒ አባቻ በ1998 ሞተ፤ የሞተን ሰው መክሰስ አይቻልም። የስዊዘርላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2005 የቤተሰቡን መረብ እንደ ወንጀለኛ ድርጅት ቆጥሮ፣ የገንዘቡን ሕጋዊነት ማስረዳት የእነሱ ሸክም ነው በማለት ገንዘቡ እንዲመለስ ፈቀደ። በ2017 ደግሞ ሌላ 321 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዲመለስ ስምምነት ሲፈረም፣ ገንዘቡ ለድሆች ድጎማ እንዲውልና የዓለም ባንክ እንዲከታተለው ተደረገ። ጊዜ ወሳኝ ነው፤ ሒሳቡ ክሱ ከመጀመሩ በፊት ካልታገደ፣ ፍርዱ ሲመጣ የሚወረስ ነገር ላይገኝ ይችላል።

ጉቦ ብጠየቅ ምን ላድርግ?

በቦታው ክርክር አይግጠሙ፤ ቃልም አይግቡ። የተጠየቁትን፣ በማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ቃል እንደሆነ በዚያው ዕለት ይጻፉ፤ ማን እንደሰማም ይመዝግቡ። የአገልግሎቱን ሕጋዊ ክፍያና የጊዜ ገደብ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ “ደረሰኝ ይሰጠኛል?” የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙ ጠያቂዎችን ያፈገፍጋል። መልእክት፣ የስልክ ጥሪ ዝርዝር፣ የቀጠሮ ወረቀት አይጣሉ። ንግግር በምስጢር መቅዳት በአንዳንድ አገሮች ራሱ ወንጀል ስለሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ገንዘብ ከመስጠትዎ በፊት ለፀረ ሙስና አካል ወይም ለፖሊስ ቢያመለክቱ፣ ምስክር እንጂ ተባባሪ አይሆኑም።

አቤቱታ ሲያቀርቡ ያዩትንና የሰሙትን ብቻ ይናገሩ፤ የጠረጠሩትን ጥርጣሬ ነው ብለው ይለዩ። በብዙ አገሮች በቅን ልቦና የጠቆመ ሰው ጥቆማው ባይረጋገጥም አይጠየቅም፤ ሆን ብሎ በሐሰት የከሰሰ ግን ይቀጣል።

መጠቆም አደጋ የለውም ብዬ ማንንም ማታለል አልፈልግም። በደቡብ አፍሪካ ባቢታ ዴኦካራን የምትባል የጤና መሥሪያ ቤት የሒሳብ ኃላፊ፣ በአንድ ሆስፒታል የተፈጸሙ አጠራጣሪ ክፍያዎችን ካጋለጠች በኋላ በ2021 በቤቷ ደጃፍ በጥይት ተገደለች። ስለዚህ ከማመልከትዎ በፊት የአገርዎ ሕግ ለጠቋሚ ምን ጥበቃ እንደሚሰጥ ይወቁ፦ ስምን መደበቅ፣ ከሥራ መባረርን መከልከል፣ መኖሪያ መቀየር፣ በችሎት ፊት ሳይታዩ መመስከር። የሰነዱን ቅጂ እምነት በሚጥሉበት ሌላ ሰው ዘንድ ያስቀምጡ። ጥቆማውን የሚቀበለው ክፍል ከተጠቆመበት ሰው ጋር አንድ ሰንሰለት ውስጥ ከሆነ፣ ወደ ሌላ አካል ይሂዱ፤ ማመልከቻዎ የገባበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥርም ሳይቀበሉ አይውጡ።